ቀንዱ ያልወጋ

ቀንድ አውጣ ይሉታል፤ ቀንዱ ማንን ወጋ?
ደንገል ሥር ተጣብቆ፥
የድንጋይ ሽበት ልሶ የሚያነጋ፥
ጥላ ሲያርፍበት ቀንዱን የሚሸሽግ፥
እንደ ተያዘ ሌባ ወደ ቤቱ የሚያፈገፍግ።

የእኔ እንጀራ ግን እሱን ማደን ሆነ።
ሽምብጥ ዳር፥ በጠዋት፥ ጉሙ ሳይበተን፥
ቦቲዬን አጥልቄ፥ ወንፊት በረጅም ዘንግ፥
ሩብ ሰዓት ጨለፍኩ፤ ዐሥራ ሰባት አገኘሁ፤
ጠፍጣፋ፥ ቡናማ፥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ።

ሰው ይህን ታሪክ የሚያውቀው ከጫፉ ነው፤
የልጅ ሆድ ተነፍቶ፥ ሰገራው ደም ሲለው።
የቀንድ አውጣውን ሆድ ማን ጠይቆ ያውቃል?
እሱም ታማሚ ነው፤ እሱም ውስጡ ያልቃል።

ማታ ሜዳ የወጣ ሰው፥ ሸምበቆ ሥር የተወውን
የሐምሌ ጎርፍ ጠርጎ ለሐይቁ አስረከበው።
ጎኑ ላይ እሾህ ያለው እንቁላል
ንጹሕ ውኃ ሲነካው ይፈነዳል፤
ከውስጡ አንዲት ፀጉራም ነጥብ፥ ዓይን የላት፥ አፍ የላት፥
አንድ ቀን እንኳ የማይሞላ ዕድሜ የተቆረጠላት፥
ዞረች፥ ታጠፈች፥ አሸተተች፤
ለስላሳ እግሩን አግኝታ በስታው ገባች።

ዝም ብሎ አልተቀበላትም፤ ሐሜት ይሆንብኛል።
ደሙ ውስጥ ዘበኛ አለ፤ እንግዳ ሲሸተው ይነሣል፤
ከብቦ፥ ተደራርቦ፥ እዚያው አፍኖ የሚያስቀር
ዕድለኛ ዘር አለ፤ አይቻለሁ።
የዚህኛው ግን ተታለለ፤
የጌታውን ጋቢ ደርባ ብትታይ
ዘበኛው እጅ ነሣ፤ ማን ያንገላታል ጌታ መሳይ?

ከዚያ ወዲያማ
እንግዳዋ ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ፤
ወንድ ሳያውቃቸው ጓዳ ማጀቱን ናዱ።
የእሱ እንቁላል ቀረ።
ይበላል፥ ይወፍራል፥ ዛጎሉ ከእኩዮቹ ይሰፋል፤
ያየው ሁሉ "ደላው" ይላል፤
እሱ ግን የሰው ልጅ እየቀለበ፥ የራሱን ዘር አጥቶ፥
በገዛ ርስቱ ጭሰኛ ሆኖ ይኖራል።

ዐሥራ ሰባት ብርጭቆ መስኮት ዳር ደረደርኩ።
ፀሐይዋ ወጣች፤ ጠበቅሁ።
ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አራተኛው ጎሸ፤
ሩዝ የታጠበበት ውኃ መሰለ።
በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ አቧራው ይዋኛል፤
እያንዳንዱ ቅንጣት ጅራቱ መንታ ነው፤
ቆዳ ይፈልጋል፤ ማንኛውንም ቆዳ፤ የእኔንም።

እናቴ አንጓች፥ ነፍሷን ይማርና፥
"ቢያድግልኝ፥ በቀትር ውኃ አትውረድ፥
ቀትር ላይ ጋኔን ይወጣል" ትለኝ ነበር።
ኮሌጅ የገባሁ ዓመት ሳቅሁባት፤
ነጭ ጋውን ለብሼ፥ ባህል ነው አልኳት።
እነሆ ጋኔኑ፤ ብርጭቆ ሞልቶ፥ ባለ ሁለት ጅራት፤
ሰዓቱን እንኳ አልሳተችም።

በመስኮቱ ሳይ እንድሪስ ከአባቱ ታንኳ ይዘላል፤
የዘጠኝ ዓመት ልጅ፥ ራቁቱን፥ እንደ ዓሣ ያበራል።
ወጥቼ ጮህኩ፦ "አንተ! ጠዋት አትዋኝም?"
"ጠዋትማ ይበርዳል፥ ጋሼ!" አለና ጠለቀ።
ምን ልበለው? በእሱ ዕድሜ እኔም እዚያው ነበርኩ፤
ክኒኑን ሁለት ጊዜ ውጫለሁ።

ተመልሼ መዝገቡን ገለጥኩ።
ቁጥር አራት፦ አመንጪ። ሰዓት፦ ስድስት ከሩብ።
ቀጥሎ ያለው መስመር "የብክለት ምንጭ" ይላል።
"ቀንድ አውጣ" ሊል የተዘረጋ እጄ
ቀ ላይ ደርሶ ቆመ።
ከሆቴሉ ጀርባ፥ ከግንቡ ሥር የሚወርደው ቦይ
ያለ ድምፅ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል።
ብርጭቆው ውስጥ ቁጥር አራት ቀንዶቹን አወጣ፤
አየኝ መሰለኝ፤
ቀ ላይ ሰረዝ አሰመርኩ።